የአገር ማዕድ፤ በላስታ ደጋ ስለ ቀመስነው ምግብ

መንገደኛ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ዓይኑ አዲስ ነገር ለማየት ይጓጓል፤ ጆሮውም አዲስ ወሬ ለመስማት ይቸኩላል፤ አፉ ግን በቤቱ የለመደውን ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህም አገር አይቶ የሚመለስ ብዙ ነው፤ አገር ቀምሶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የሕዝብን ኑሮ የሚያስረዳው ሕንፃውና ታሪኩ ብቻ አይደለም፤ ማዕዱም ጭምር ነው። እነሆ በፍልሰታ ጾም ወደ ላስታ ወርደን በገነተ ማርያም አካባቢ የቀመስነውን ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ለቤት እመቤቶች፣ እንገልጻለን።

ገነተ ማርያም ከላሊበላ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የምትገኝ፣ ከአንድ ዓለት ተፈልፍላ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1262 ዓ.ም የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል በውስጧ ይታያል፤ ያሳነጿትም እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። ከአገሩ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር አልፎ ቆሟል። ሰው ወደዚህ ተራራ በወጣ መጠን ጤፍ እየቀረ ይሄዳል፤ ብርዱን የሚችለው ገብስ ነውና የደጋው ሰው እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከገብስ ነው።

ከገብስ ምግብ ሁሉ ለመንገደኛ የሚስማማው በሶ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ይቆላና ይፈጫል፤ ዱቄቱም በአቅማዳ ተይዞ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። በውኃና በጨው ታሽቶ በእጅ ሲጨበጥ ጭብጦ ይባላል፤ ሲበላም እሳት አያሻውም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ ጣዕሙን አይረሳውም።

ሁለተኛው ስልጆ ነው። ሱፉ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጥና ይጠለላል፤ በወተት መሰል ውኃው ላይ የባቄላ ዱቄት ተጨምሮ እስኪወፍር በእሳት ይማሰላል። ከበረደ በኋላ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ተከድኖ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ከዚህ በኋላ ኮምጠጥ ብሎ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ይሆናል። ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በሌለበት በጾም ወራት ማዕድን የሚያስወድድ ይህ ነው። በከተማ ያላችሁ እመቤቶች በቤታችሁ ብታሰናዱት ድካሙ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ግን ሳይቀርብልን ለምነን የቀመስነው ነው። ያሳደሩን ባልቴት ለእኛ ስልጆውን በሞሰብ አቅርበው፣ ለልጆቻቸው ከምድጃው አጠገብ ሌላ አረንጓዴ ወጥ በገበታ ሲያወጡ አየን። ምን እንደ ሆነ በጠየቅናቸው ጊዜ አፍረው፣ «ጌታዬ፣ ይህስ ሳማ ነው፤ ክረምቱን የምንሻገርበት እንጂ ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም» አሉን። እኛም፣ «እናቴ፣ እርስዎና ልጆችዎ የሚበሉትን እኛ ብንበላው ምን ነውር አለበት?» አልናቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ፤ «እንግዲያውስ በሞቴ ይጉረሱልኝ» ብለው በእጃቸው አጎረሱን። ጣዕሙ ጎመን ይመስላል፤ ልስላሴው ግን ከጎመን ይበልጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ ወይም በመቆንጠጫ ይዞ ለጋ ለጋው ቅጠል ይቀነጠባል፤ የሚለበልበው ጠጉር እንዲረግፍ በእንጨት ይመታል፤ ታጥቦም ይቀቀላል። እሳት ከነካው በኋላ መለብለቡ ፈጽሞ ይጠፋል። ከዚያም ተመትቶ ከላመ በኋላ ጥቂት የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል። ይህ ሳማ የደጋችን ተክል ነው። የእርሱን ዘመድ ግን በስዊድንና በስኮትላንድ የሚኖሩ ሰዎች በጸደይ ወራት ሾርባ አድርገው ይጠጡታል፤ በዚያ አገር የሚያፍርበት የለም።

ታዲያ በእኛ አገር ስለ ምን ያሳፍራል? ነሐሴ የአምናው እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ የዘንድሮውም ገና ያልደረሰበት ወር ነው። ደግሞም በ1965ና በ1966 ዓ.ም፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም በወሎ የወረደውን ረኃብ ያዩ ሽማግሌዎች የዱር ቅጠል በድስት ሲያዩ የሚያስቡት ያንን ዘመን ነው። ስለዚህ ሳማ የተናቀው በጣዕሙ አይደለም፤ በችግር ቀን ስለ ተበላ ነው።

ሆኖም የክፉ ቀን ምግብ ሁሉ እንደ ሳማ ጉዳት የሌለው አይደለም። ጓያ ዝናብ ባነሰበት ዘመን እንኳ ስለሚያፈራ ለድኻ መጠጊያ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቅል እርሱን ብቻ ሲመገብ እግሩን ያሽመደምደዋል፤ የሽባነቱም መድኃኒት አልተገኘም። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላም እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ያቀልላል። አንድ ቀን የቀመሰ መንገደኛ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሌላ ምርጫ የሌለው ባለቤቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ሹም በደረሰበት አገር ባላገሩ ደርጎ እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ ሹሙ ጠግቦ ሲሄድ ባላገሩ ጦሙን ያድር ነበር። ያ ሥርዓት ቀርቷል፤ ነገር ግን የባላገሩ ልብ ዛሬም ያው ነው። በፍስክ ቀን እንግዳ ከመጣበት ያለችውን አንዲት ዶሮ ያርዳል፤ ከሌለው ይበደራል። እንግዳውም መልካም ምግብ የበላ መስሎት የቤቱን የወር ቀለብ በልቶ ይሄዳል። «ቤቱ የሚበላውን እበላለሁ» የሚል እንግዳ ግን አዲስ ጣዕም ያገኛል፤ ያሳደረውንም ሰው ከዕዳ ያድናል።

ስለዚህ ለሥራ ወይም ለመሳለም የምትጓዙ ሁሉ፣ ስንቃችሁን ስትሰንቁ ቡናና ጨው ጨምሩ፤ ለቤቱ እመቤት በስጦታ ስም ብትሰጡአት እንደ ዋጋ ሳትቆጥር ትቀበላችኋለች። የቀረበላችሁን ፊታችሁን ሳታጨፈግጉ ቅመሱ፤ ለልጆቹ የሚተርፍ መኖሩንም ሳታዩ አትጥገቡ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው ለጋባዡ ብቻ አይደለም፤ ጋባዡም የእንግዳውን ፊት ያያልና።