ከሐዲዱ ሥር፦ የሞዴል ባቡር መደላድል

(ድምፅ፦ ትንሽ ባቡር ባዶ ጣውላ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ሲጓዝ)

ተራኪ፦ የሞዴል ባቡር ሐዲድ ጣውላ ላይ እንዲሁ ሲቸነከር ድምፁ ይህ ነው። ጣውላው የመንኮራኩሮቹን ንዝረት ተቀብሎ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ይህን ንዝረት የሚያለዝበው፣ ሐዲዱንም ደልዳላ አድርጎ የሚይዘው ከሥሩ የሚሠራው መደላድል ነው። መደላድሉ ከታች የእንጨት ወለል፣ ከመካከል የቡሽ ጉዝጓዝ፣ ከላይ ደግሞ ጠጠር አለው።

በስፋት የተለመደው የሞዴል መጠን ኤችኦ ይባላል፤ እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ ይሠራበታል። 1,435 ሚሊሜትር የሆነው መደበኛ የሐዲድ ስፋት በዚህ መጠን 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በሞዴል ለመሥራት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር በኤችኦ መጠን የሚሠራው በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። ስለዚህ እንጨት ከመቆረጡ በፊት የትኛው መስመር እንደሚሠራ መወሰን አለበት።

ማዕቀፉ ከሞራሌ ይገጠማል፤ በላዩ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ ያርፋል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ሐዲድ ሲጎብጥ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይወቀሳል፤ ነገር ግን ርጥብ ሞራሌ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ የማይሸበሸበውን ሐዲድም ከጫፍና ከጫፍ ይገፋዋል።

ትልቁ ፈተና ዳገት ነው። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ የድልድዩ ውፍረት ተጨምሮ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር በሚወጣ ዳገት ይህ 5 ሜትር ይፈጃል። ክፍሉ ጠባብ ነው ተብሎ ዳገቱ በእጥፍ ሲቆም ርቀቱ በግማሽ ያጥራል፤ ረጅም ባቡር ግን እዚያ ላይ መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ ይቀራል። የተሻለው ዘዴ ፕላይውዱን በሐዲዱ መሄጃ ግራና ቀኝ ሰንጥቆ፣ የተሰነጠቀውን ከወለሉ ሳይለዩ ከሥሩ በሞራሌ ቁራጮች ቀስ በቀስ ማንሳት ነው። ያልተቆረጠ እንጨት በራሱ ጊዜ ለስላሳ ቅስት ይሠራል፤ ዳገቱ ሲጀምርም ሲያልቅም ድንገተኛ ስብራት አይኖረውም። ይህን በተናጠል በተቀጣጠሉ ቁራጮች ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

መገጣጠሚያዎቹም ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በሁለት ፕላይውዶች መካከል የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ለዓይን ምንም አይመስልም። በ87 ሲባዛ ግን ከ4 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ደረጃ ነው፤ በእውነተኛ ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለውን ደረጃ ማንም መሐንዲስ አይፈቅድም። መገጣጠሚያው ከሥር በሌላ ፕላይውድ ተደግፎ በኮላና በብሎን ይጠብቃል። ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ ጣት ሲያልፍበት ምንም እስከማይሰማው ድረስ።

(ድምፅ፦ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ሲፈትግ)

ተራኪ፦ ከዚያ የሐዲዱ መካከለኛ መስመር በእርሳስ ይሰመራል። 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቡሽ ለሁለት ተከፍሎ የሚሸጥ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ግማሽ መስመሩን ተከትሎ በግራና በቀኝ ይለጠፋል። ግማሹ ቀጭን ስለሆነ በኩርባ ላይ ያለ ችግር ይታጠፋል፤ ዘንበል ብሎ የተቆረጠው የውጭ ጠርዙም የእውነተኛውን መስመር ተዳፋት ትከሻ ይሰጣል። የሁለቱ ግማሾች መቀጣጠያ አንድ ቦታ ላይ መግጠም የለበትም።

ጠጠሩ የሚመጣው ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመጡት ሽቦዎች ተበይደውና ባቡር ሄዶበት ከተሞከረ በኋላ ነው። የተነፋው ደቃቅ ጠጠር በትንሽ ብሩሽ በአግዳሚዎቹ መካከል ይደላደላል። ቀጥሎ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውሃ ይረጫል፤ ያለዚያ ኮላው ደረቁ ጠጠር ላይ ኳስ ሠርቶ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። በእኩል ውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ጠብታ በጠብታ ሲጨመር በድንጋዮቹ መካከል እየሰረገ ይጠፋል። ደርቆ የሚጠጥረው ኮላ ጠጠሩን ከጣውላው ጋር ካጣበቀው ግን ቡሽ የቀነሰው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ጠጠሩን በቡሹ ጠርዝ ላይ ማቆም ወይም ሲደርቅም ለስላሳ ሆኖ የሚቀር የላቴክስ ኮላ መምረጥ ይበጃል።

በሐዲድ መቀየሪያ ላይ ኮላ በጣም ይቆጠባል፤ አንዲት ጠብታ ተንቀሳቃሹን ምላስ ልታጣብቀው ትችላለች። መደላድሉ አድሮ ሲደርቅ ያልተጣበቀው ጠጠር ይጠረጋል፣ የሐዲዱ ራስ ይወለወላል፣ ከዚያም ከሁሉ የሚረዝመው ፉርጎ በእጅ እየተገፋ መስመሩን ዳር እስከ ዳር ይዞረዋል።