ሼር ያደረጋችሁት ፎልደር ለማን ነው የተከፈተው?

ቤቱ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያለው ሰው ፍላሽ ማመላለስ ሲሰለቸው ፎልደር ሼር ያደርጋል። ደግ አደረገ። ችግሩ ዊንዶውስ ለማን እንደሚከፍት ሲጠይቅ ብዙዎቻችን «ኤቭሪዋን» የሚለውን መርጠን፣ ፓስወርድ መጠየቁንም አጥፍተን ማለፋችን ነው። ያን ጊዜ ፎልደሩ የሚከፈተው ለቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በዚያ ዋይፋይ ላይ ላለ ሁሉ ነው።

የኛ ዋይፋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱ ያስገባል፣ ጎረቤት ወርሃዊውን ይካፈላል፤ እንግዳ ፓስወርድ ሲጠይቅ መከልከልም ይከብዳል። አንድ ዘመዴ ቤት ላፕቶፔን ሳገናኝ የጎረቤት ኮምፒውተር ወጣ፤ ስነካው ምንም ሳይጠይቀኝ ፎልደሮቹን ዘረዘረልኝ፦ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች ፎቶ። አንዱንም ሳልከፍት ሄጄ ለባለቤቱ ነገርኩት። ደነገጠ።

እኔን ከሰው ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ቫይረስ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ፣ ያ ኮምፒውተር ሊጽፍበት የሚችለውን ሼር ፎልደር ሁሉ ይቆልፋል። በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ያመሰው ዋናክራይ ከማሽን ማሽን የዘለለው በዚሁ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ፣ ኤስኤምቢ በሚባለው፣ አሮጌ ስሪት ቀዳዳ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ የተጎዳው አፕዴት ያላደረገው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በፓስወርድ የሚጠበቀውን ሼሪንግ መልሳችሁ አብሩ። ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለቤተሰቡ የሚሆን ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ከጠንካራ ፓስወርድ ጋር ክፈቱ፤ «ኤቭሪዋን»ን አጥፍታችሁ በምትኩ እሱን አስገቡ። ፈቃዱ ማንበብ ብቻ ይሁን። ልጆች ፊልም ለማየት፣ እናት ፎቶ ለማየት መጻፍ አያስፈልጋቸውም። ፋይል መቀበል የግድ ከሆነ ለዚያ ብቻ አንድ ትንሽ ፎልደር ለዩ። ሙሉ ዲ ድራይቭን ሼር ማድረግ በፍጹም አልመክርም።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። ፈቃድ የሚሰጠው ሁለት ቦታ ነው፦ «ሼሪንግ» እና «ሴኩሪቲ» በሚሉት ስር። በኔትወርክ ለሚገባ ሰው የሚሠራው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ነው። አንዱ ጋ ፈቅዳችሁ አልከፍት ካለ ሌላኛውን እዩ እንጂ ተናዳችሁ ሁሉንም አትክፈቱት። በስሙ መጨረሻ የዶላር ምልክት አድርጎ መደበቅም ጥበቃ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅ ይደርስበታል።

አሮጌው ኤስኤምቢ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አብሮ አይጫንም፤ ለድሮ ፕሪንተር ብላችሁ ካበራችሁት አጥፉት። ራውተራችሁ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ለጎረቤትና ለእንግዳ እሱን ስጡ። የማይተካ ፎቶና ሰነድ ደግሞ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ እንደተሰካ ከቆየ እሱም አብሮ ይቆለፋል።

ዛሬ ማታ «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» ውስጥ «ሼርድ ፎልደርስ» የሚለውን ክፈቱ። ሼር የተደረገው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል፤ «ሴሽንስ» የሚለው ደግሞ አሁን ማን እንደገባ ያሳያል። የዶላር ምልክት ያለባቸው በአብዛኛው የዊንዶውስ የራሱ ናቸው፣ እነሱን ተዉ። ከቀሩት መካከል የማትጠቀሙበትን ዝጉ፤ ያልገባችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ።