በፈቃድ ሰብሮ መግባት፦ የኮምፒዩተር ሥርዓት ደኅንነት እንዴት ይፈተሻል?

የሰርጎ መግባት ሙከራ ወይም በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ስሙ ፔኔትሬሽን ቴስቲንግ፣ አንድ ተቋም ድረ ገጹን፣ መተግበሪያዎቹንና የውስጥ መረቡን የሠለጠኑ ባለሙያዎች በፈቃዱ እንዲያጠቁት በማድረግ፣ ወንጀለኛ ሊገባባቸው የሚችሉ ክፍተቶችን ቀድሞ የሚያውቅበት የፍተሻ ዘዴ ነው። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ሒሳብ፣ ሆስፒታሎች የሕሙማንን መዝገብ፣ መሥሪያ ቤቶች የዜጎችን ማንነት በኮምፒዩተር በሚያስቀምጡበት በዚህ ዘመን፣ መረጃውን በአደራ የሰጠ ማንኛውም ሰው አደራው እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ይገባዋል።

አሠራሩ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ጦር ኃይል ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሰዎች አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ መጠቀም በመጀመራቸው፣ የአንዱ ተጠቃሚ ምስጢር በሌላው እጅ አለመውደቁን ማረጋገጥ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። የአየር ኃይል መኮንኖች የነበሩት ፖል ካርገርና ሮጀር ሼል እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ ደኅንነቱ ታስቦበት የተሠራውን መልቲክስ የተባለ ሥርዓት መርምረው፣ በኮምፒዩተሩ አካል፣ በሶፍትዌሩና በዕለት ተዕለት አሠራሩ ላይ ክፍተቶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ጥናቱ በጥንቃቄ የታነጸ ሥርዓት እንኳ ጥንካሬው የሚታወቀው በአጥቂ ዓይን ሲመረመር መሆኑን አሳይቷል።

በዛሬው ልማድ ሥራው የሚጀምረው በጽሑፍ ውል ሲሆን፣ ውሉ የትኞቹ ሥርዓቶች፣ መቼና እስከ ምን ድረስ እንደሚፈተሹ፣ አገልግሎት ቢስተጓጎል ወዲያውኑ ለማን እንደሚነገር ይወስናል። ፈታሾቹ ስለ ሥርዓቱ ምንም ሳይነገራቸው እንደ ውጭ ሰው ሊሞክሩ፣ ወይም የይለፍ ቃል ተሰጥቷቸው ክፉ ሐሳብ ያለው ሠራተኛ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ሊመዝኑ ይችላሉ። በመጀመሪያ ስለ ተቋሙ በግልጽ የሚገኘውን መረጃ ይሰበስባሉ፤ ቀጥለው ለኢንተርኔት የተጋለጡት ሰርቨሮች የትኞቹ እንደሆኑና በምን ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ይለያሉ፤ ከዚያም ክፍተት መስሎ የታያቸውን ሁሉ በተግባር እየሞከሩ፣ ከገቡ በኋላ ምን ያህል ርቀው መሄድ እንደሚችሉ ይመረምራሉ። በመጨረሻም ያገኙትን በማስረጃ አስደግፈው፣ እያንዳንዱን ክፍተት እንደ አደገኛነቱ በደረጃ ከፍለው፣ ከመፍትሔው ጋር በሪፖርት ያቀርባሉ።

የታወቁ ክፍተቶችን ብቻ የሚለቅሙ መሣሪያዎች በራሳቸው የሚሠሩ ስለሆኑ ፈጣንና ርካሽ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዱን ግኝት ለየብቻው ስለሚያቀርቡ፣ ትንንሽ ጉድለቶች ተያይዘው የሚከፍቱትን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አያሳዩም። ይህን መንገድ ተከትሎ የሚሄደው የሰው ብልሃት ነው። የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰበት ጥቃት፣ ጉድለቶች እንዴት እንደሚያያዙ በግልጽ ያሳያል። አፓቺ ስትራትስ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው ክፍተት በመጋቢት ወር መጀመሪያ ከነማስተካከያው ይፋ ቢደረግም፣ በድርጅቱ የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ድረ ገጽ ላይ አልተስተካከለም ነበር። አጥቂዎቹ በግንቦት በዚያ በኩል ገብተው፣ ሳይመሰጠር የተቀመጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አገኙ፤ የመረጃ ቋቶቹም እርስ በርስ በበቂ አልተለያዩም ነበርና ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገሩ። የመረብ ትራፊኩን የሚመረምረው መሣሪያ ዲጂታል ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር፣ ዝርፊያው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሳይታወቅ ቆየ። በዚህ ሁኔታ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተጋለጠ።

ከዚህ ጥቃት የሚገኘው ከባድ ትምህርት፣ ማወቅ ብቻውን ጥበቃ አለመሆኑ ነው። የድርጅቱ ሠራተኞች ክፍተቱን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲዘጉ በኢሜይል ታዘው ነበር፤ ከቀናት በኋላ የተደረገው ቅኝትም ያልተስተካከለውን ድረ ገጽ ሳያገኘው አለፈ። ስለዚህ የፍተሻ ዋጋ የሚለካው በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን ከሪፖርቱ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግኝት ኃላፊና ቀነ ገደብ ሊመደብለት፣ ከተስተካከለም በኋላ ያው ጥቃት ዳግም ተሞክሮ መክሸፉ ሊረጋገጥ ይገባል።

ፈታሹን ከወንጀለኛ የሚለየው ዋነኛ ነገር ፈቃድ ስለሆነ፣ የፈቃዱ ግልጽነት ለሁለቱም ወገን መድኅን ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የግዛቱ የፍርድ ቤቶች አስተዳደር የቀጠራቸው ሁለት ባለሙያዎች አንድ የካውንቲ ፍርድ ቤት ሕንፃን በሌሊት ሲፈትሹ ተይዘው ታሰሩ፤ የካውንቲው ባለሥልጣናት ስለ ፍተሻው አስቀድመው አልተነገራቸውም ነበር። ክሱ በጥር 2020 ቢሰረዝም፣ ፈቃዱን የሚሰጠው አካል ሥልጣኑ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ መጣራት እንዳለበት ጉዳዩ አስተምሯል። በኢትዮጵያም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው ውጭ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት ወንጀል በመሆኑ፣ በጎ ዓላማ ያለው ባለሙያም ቢሆን በቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ሊይዝ ይገባዋል።

ፍተሻው ወሰን እንዳለውም መታወቅ አለበት፤ የተገኘው ክፍተት መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ ሌላ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሶፍትዌር በተቀየረና አዲስ አገልግሎት በተከፈተ ቁጥርም ሁኔታው ይለወጣል። የክፍያ ካርድ መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ሙከራው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜና ከፍተኛ ለውጥ ከተደረገ በኋላ እንዲካሄድ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም የተቋም መሪዎች የፍተሻ ሪፖርትን ጥፋተኛ መፈለጊያ ሳያደርጉ፣ ድክመቱን ለተናገረው ባለሙያ ጥበቃ፣ ድክመቱን ለሚያስተካክለውም በጀትና ጊዜ ሊሰጡ ይገባል፤ ችግሩ የተደበቀበት ተቋም ሲጠቃ ኪሣራውን አብረው የሚሸከሙት መረጃቸውን አምነው የሰጡት ሰዎች ናቸውና።