ያውቁ ኖሯል? ከኮርሴት እስከ መቀነት

ያውቁ ኖሯል? የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1603 እ.ኤ.አ. ስትሞት ለቀብሯ ሥርዓት የተሠራው ምስል የለበሰው በእጅ የተሰፋ ኮርሴት (ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ) እስከ ዛሬ በዌስትሚኒስተር አቤይ አለ።

ኮርሴትን ቀጥ አድርጎ ያቆም የነበረው «የዓሣ ነባሪ አጥንት» አጥንት እንዳልሆነስ? ከእንስሳው ላይኛው መንጋጋ የሚንጠለጠል፣ ምግቡን ከውሃ የሚያጠልበት ነገር ነው፤ ከእኛ ጥፍርና ጸጉር ጋር ባሕርዩ አንድ ነው። ሲሞቅ ይለመጣል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። ሰፊዎች የወደዱትም ለዚህ ነው።

ማሰሪያው የሚያልፍበት ቀዳዳ ለብዙ ዘመን በመርፌና በክር ዙሪያው እየተሰፋ ይበጅ ነበር። የብረት ቀለበት የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶች ጨርቁ ሳይቀደድ አጥብቀው መታሰር ቻሉ። ለጤናቸው ግን አልበጀም።

እኛ ዘንድ ከእንፍራንዝ እስከ ባሕር ዳር ገበያ የእናቶቻችንን ወገብ የያዘው መቀነት ነው። አጥንትም ብረትም የለው፤ ከቀሚስ በላይ ይታሰራል፤ ይጥበቅ ይላላ የምትለው ራሷ ታጣቂዋ ናት። የገበያ ብሯን ትቋጥርበታለች፣ ስትወልድም ሆዷን ታስርበታለች። ወገብ ደግፎ ትንፋሽ የማይነሳ ልብስ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሥራውን ጠጋ ብለው ይዩት። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቷን ታሾራለች፤ ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወጣል። ጣቷ ጥቂት ከዘገየ ይወፍራል፣ ከቸኮለ ይበጠሳል። ከዚያ ማጉ በቀሰም ተጠቅልሎ መወርወሪያ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው የሸማኔው ነው።

ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ የእጅ ፈትል የሆነው ማጉ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ራሱ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ሲሄድ የለንደን ወይዛዝርት ከቀሚሳቸው ሥር በኮርሴት ታስረው፣ የብረት ቀለበት ያለው ጉርድ ደርበው ነበር። ያ ቀሚስ ወደ አገሩ መመለስ አለበት እላለሁ።

ዓባያችን በሚወርድበት በግብጽ በ1922 እ.ኤ.አ. የተገኘው የቱታንክሃመን መቃብር ደግሞ ከመቶ በላይ የተልባ እግር ሽርጦች ይዞ ነበር። ንጉሡ ወደ ወዲያኛው ዓለም ያለ ውስጥ ልብስ አልተሸኘም!

በኮርሴት ፈንታ ሁለት መሐረብና ሪባን ሰፍታ የጡት መያዣ የሠራችው አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የባለቤትነት መብቷን ያገኘችው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው።

በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በፎገራ ወረዳ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በአውራ አምባ ማኅበረሰብ ግን ሴቶችም ሸማ ይሠራሉ፣ ወንዶችም ይፈትላሉ።