ልደት አንድ ጊዜ ነው፤ መታደስ ግን ዕለት ዕለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ነገራችን ስለ ዳግም ልደት ነው፤ ይኸውም ሰው ከእናቱ ማሕፀን ከተወለደ በኋላ ከእግዚአብሔር እንዴት እንደሚወለድ፣ ተወልዶም በኀጢአት ሲያረጅ እንዴት እንደሚታደስ ነው።

ለዚህ ነገር መነሻ የሚሆነን በዋግ ኽምራ፣ በተከዜ ወንዝ በኩል ባለችው በሰሃላ የሚኖር አንድ ገበሬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን ግን እርሱ ራሱ በሽማግሌዎች ፊት የገለጠው ስለ ሆነ እናገረዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በቀረ ጊዜ በሰሃላ እህል ታጣ፣ ከብት አለቀ፣ ብዙ ሰውም ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ከተሰደዱት አንዱ የቀሩትን ስምንት ፍየሎች ለዚህ ጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ገበሬውም ልጆቹ በተራቡ ጊዜ ፍየሎቹን አንድ በአንድ እየሸጠ እህል ገዛባቸው። ባለ ፍየሎቹ ተመልሶ በጠየቀው ጊዜ ግን «በድርቁ አለቁ» አለው። የሁሉም ከብት አልቆ ነበርና ማንም አልተጠራጠረውም።

ከብዙ ቀን በኋላ ይህ ሰው በሌሊት ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «አባቴ፣ በአርባ ቀኔ የተቀበልኩትን ጥምቀት አበላሽቼዋለሁ፤ እንደ ገና ያጥምቁኝና አዲስ ሰው ልሁን» አለኝ።

እንግዲህ ምን ይመለስለታል? በወንጌል እንደምናነበው ከአይሁድ አለቆች አንዱ የነበረው ኒቆዲሞስም ሰው እንዳያየው በሌሊት ወደ ጌታችን መጥቶ ነበር። ጌታችንም ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ የእግዚአብሔርን መንግሥት ሊያይ እንደማይችል ነገረው። ኒቆዲሞስ መምህር ሲሆን ነገሩ ረቀቀበት፤ ሽማግሌ ወደ እናቱ ማሕፀን የሚመለስ መሰለው። ጌታችን ግን ልደቱ ከውኃና ከመንፈስ መሆኑን አስረዳው። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ነገር እንዳይዘነጋ የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሑድ ኒቆዲሞስ ብላ ሰይማዋለች።

ስለዚህ ክርስቲያን ሁለት ልደት አለው። በመጀመሪያው ልደት ከአባትና ከእናቱ ተወልዶ የአዳም ልጅ ይሆናል፤ በሁለተኛው ልደት ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ ተወልዶ የእግዚአብሔር ልጅ ይሆናል። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋንም በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት እንደ ገቡ ስለ ተነገረ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስለ እርሱ ሆነው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅም ዞረው በሥላሴ ያምናሉ። ከዚህ በኋላ ሕፃኑ በውኃው ሦስት ጊዜ ይጠመቃል፤ ከክርስቶስ ጋራ ተቀብሮ ከክርስቶስ ጋራ የመነሣቱ ምልክት ነው። ሜሮን ይቀባል፣ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላል፣ በአንገቱም ማዕተብ ይታሰርለታል።

ይህች ልደት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ከእናቱ ሁለት ጊዜ የሚወለድ እንደሌለ ሁሉ ከእግዚአብሔርም ሁለት ጊዜ የሚወለድ የለም። ክርስቶስ የሞተው አንድ ጊዜ፣ የተነሣውም አንድ ጊዜ ነውና። አባቶቻችን ለዚህ ነገር ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በገለጡ ጊዜ፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ አቡነ ሜንዴዝ መጥተው ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ ባደረጉ ጊዜ፣ ሕዝቡ «ቀድሞ ክርስቲያን አልነበርንምን?» እያለ አዘነ። ጎረቤታችን ላስታም ከተነሡት አገሮች ዋነኛዋ ሆነች፤ የብዙ ሰው ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ። ጥር 11 ቀን በበዓለ ጥምቀት የሚረጨው ጠበልም በረከት ነው እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም፤ የጌታችንን በዮርዳኖስ መጠመቅ እናስብበታለን።

እንኪያስ ከጥምቀት በኋላ የወደቀ ሰው ተስፋ የለውምን? አለው። ልደት አንድ ጊዜ ነው፤ መታደስ ግን ዕለት ዕለት ነው፤ መታደሻውም ንስሓ ነው። እናንተ ገበሬዎች ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከአባቱ መሬት የወረሰ ሰው እርሻው አረም በበላው ጊዜ «ሌላ መሬት ይሰጠኝ» አይልም፤ ያንኑ መሬት ያርሰዋል፣ ይደግመዋል፣ አረሙንም ከሥሩ ይነቅላል። ጥምቀትም የተሰጠን ርስት ነው፤ ንስሓ ደግሞ እርሻው ነው።

ንስሓም በአፍ ብቻ የሚፈጸም አይምሰላችሁ። መጀመሪያ በልብ ማዘን ነው፤ ሁለተኛ ለንስሓ አባት መናዘዝ ነው፤ ሦስተኛ የታዘዘውን ቀኖና መፈጸም ነው። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልሳል፤ ሰውን የበደለ ይታረቃል፤ ከዚያም ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቀርባል። ይህን ትቶ «ተጠምቄአለሁ፤ ይበቃኛል» የሚል ሰው ርስቱን ጦም አሳድሮ በራብ እንደሚሞት ሰው ነው።

ለዚያም ገበሬ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፣ አላጠምቅህም። ውኃ የሰውን ፍየል አይመልስም። ልጆችህ ተርበው ሳለ ማድረግህን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ወንድምህም ብትነግረው ምናልባት ያዝንልህ ነበር። አንተን ያስረጀህ ረኃቡ አይደለም፤ ከረኃቡ በኋላ የተናገርኸው ሐሰት ነው። ይህንም በሌሊት ለእኔ ነግረህ ብቻ አትድንበትም፤ በቀን ለባለቤቱ ንገረው» አልሁት። እርሱም ብዙ ዝም አለ፤ ጥምቀቱ ይቀልለት ነበርና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሽማግሌዎች ይዞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በጎረቤቱ ደጅ ቆመ። ሦስት ፍየል ወዲያው ሰጠ፤ የቀረውን በየመከሩ ሊከፍል ተዋሰ። ጎረቤቱም ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት፤ ከሦስቱም ፍየሎች አንዷን መልሶ ለልጆቹ ሰጣቸው።

ኒቆዲሞስም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ በሌሊት መጣ፤ ኋላ በሸንጎ ስለ ጌታችን ተከራከረ፤ በመጨረሻም በዕለተ ዓርብ፣ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ቀን፣ መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ጌታችንን ለመቅበር በግልጥ መጣ። ዳግም ልደት ምን እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው መልሱን በሥራው አሳየ።

ምእመናን ሆይ፣ እኛም እያንዳንዳችን የማንን አደራ እንደ በላን፣ ለማን ሐሰት እንደ ተናገርን፣ ከማንስ እንደ ተጣላን እንመርምር። ማዕተባችን በአንገታችን አለ፤ የክርስትና ስማችንም አልተፋቀም። የሚቀረን ተነሥቶ ወደ በደልነው ሰው ደጅ መሄድ ነው።

በጥምቀት የወለደን እግዚአብሔር በንስሓ ያድሰን፤ ለአገራችን ዝናሙን በወቅቱ ይስጥልን፤ የተሰደዱትን ወደ ቀያቸው ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።