«ስፔስ» ሁሉ ጠፈር ነውን?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው «ስፔስ» የሚለውን ቃል በፊዚክስ ክፍል ይሰማል፤ ደወል ተደውሎ የሒሳብ መምህሩ ሲገቡም ያንኑ ይሰማል፤ በጂኦግራፊ ደግሞ ይደገምለታል። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ዓይኑ የሚያርፈው «ጠፈር» በሚለው ላይ ነው። ይህንን ትርጉም ብቻ ይዞ ፈተና የገባ ተማሪ፣ ስለ ዕድል ስሌት ተጠይቆ ስለ ሰማይ ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም እንላለን።

ጠፈር ራሱ የቆየ ቃል ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1፣ ውኃን ከውኃ የሚለየው ጠፈር እንደ ጣራ ከላይ የተዘረጋ ነገር ነው። ሮኬት የሚላክበት ባዶ ግን ጣራነት የለውም። ለዚህኛው ትርጉም «ሕዋ» የሚለው ሳይሻል አይቀርም ባዮች ነን።

በፊዚክስ ክርክሩ ረጅም ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስፔስን፣ በውስጡ አንድም ነገር ባይኖር እንኳ ሳይንቀሳቀስና ሳይለወጥ የሚኖር አድርጎ ወሰደው። ጀርመናዊው ላይብኒዝ ይህን አልተቀበለም፤ ስፔስ በነገሮች መካከል ያለ ዝምድና ነው፣ ነገሮቹ ከሌሉ እርሱም የለም ባይ ነበር። አልበርት አይንስታይን በ1915 ስፔስ ከጊዜ ጋር የተጣመረና ግዙፍ አካል ባለበት የሚጎብጥ መሆኑን አስረዳ። በ1919 ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚል በተነሡ ፎቶግራፎች፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱን ለውጦ ተገኘ።

ከሁሉ የሚያደናግረው የሒሳቡ ነው። አንድ ቤተሰብ 50 ኪሎ ጤፍ፣ 2 ኪሎ በርበሬና 1 ኪሎ ቅቤ ገዛ እንበል። (50፣ 2፣ 1) ብለን ብንጽፈው በሦስት አቅጣጫ ስፔስ ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ሆነች። 3 ኪሎ ጨው ሲጨመር አቅጣጫው አራት ይሆናል። አራተኛውን በዓይነ ሕሊናው ለመሣል የሚጨነቅ ተማሪ ካለ ይተወው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም አያዩትም፣ ያሰሉታል እንጂ። በዕድል ስሌት ደግሞ ስፔስ ማለት ሊደርሱ የሚችሉ ውጤቶች ስብስብ ነው። አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ብዙዎች ውጤቱ ሦስት ነው ይላሉ፤ ዘውድ-ዘውድ፣ ጎፈር-ጎፈር፣ አንድ አንድ። ነገር ግን ዘውድ-ጎፈርና ጎፈር-ዘውድ የተለያዩ ስለሆኑ አራት ነው። በዚህ ውስጥ ሰማይም ባዶም የለም።

ጂኦግራፊ ቦታን ከሰው ጋር አያይዞ ይመለከታል። የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። በካርታ ላይ ያለው መገኛ አልተነቃነቀም፤ ለሕዝቡ ያለው ትርጉም ግን ተለዋውጧል። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ደግሞ ስፔስ ሲል የሚያስበው ግድግዳውን ሳይሆን ግድግዳው ያቀፈውን ክፍት ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው፤ ድንጋይ ተደርቦ የተሠራ ሳይሆን ከአለት ላይ ድንጋይ እየተቀነሰ ወደ 12 ሜትር ጥልቀት የተፈለፈለ ነውና።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። የ1967ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ማንም መንግሥት ሕዋን የግሌ ነው እንዳይል ይከለክላል፤ ሕዋ ከየት እንደሚጀምር ግን አይናገርም። በተለምዶ 100 ኪሎ ሜትር ይባላል።

በመጨረሻ የጽሕፈቱን እናንሣ። አባቶቻችን በብራና ሲጽፉ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያስገቡ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ኅትመት ስፍራው ባዶ ይተዋል። ይሁንና ኮምፒዩተሩ ያንን ባዶ እንደ አንድ ምልክት ቆጥሮ 32 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። «ምንም የለበትም» ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ፣ ሁለት ቃላትን አጣብቆ ጽፎ በኮምፒዩተሩ ያስፈልጋቸው።