አይጥ ቦታ ማስታወሷ በምን ይታወቃል?

አዲስ የመጣ ሰው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ባያነብም፣ የኪዳነ ምሕረትን ክብ ጉልላትና የደማስቆ በርን ምልክት አድርጎ ከኢትዮጵያ ጎዳና ዴር ሡልጣን ይደርሳል። አይጥስ? ጠይቀናት አትነግረን!

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ መላ አሳተመ። ክብ ገንዳ ውኃ ይሞላል፤ ውስጡ እንዳይታይ ወተት ይጨመርበታል። ከውኃው ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆሚያ ይደበቃል። አይጥ ዋና ትችላለች፣ ግን አትወድም፤ ስለዚህ መቆሚያውን ትፈልጋለች። መጀመሪያ ዝም ብላ ትዞራለች። ከቀናት በኋላ ግን ከየትኛውም ጠርዝ ቢያስገቧት በክፍሉ ያሉትን ነገሮች አይታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የፈጀባት ሰኮንድና የዋኘችው ርቀት ይመዘገባል።

ፍጥነቷ ብቻ ግን አያሳምንም፤ ዋና ጎብዛ ቢሆንስ? ስለዚህ መቆሚያውን ያወጡታል። የምታስታውስ ከሆነ እዚያው የነበረበት ቦታ ላይ ትመላለሳለች።

በ1982 ሞሪስና ባልደረቦቹ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸውን አይጦች ፈተኑ። የተደበቀውን መቆሚያ ቦታ መልመድ አቃታቸው፤ የሚታይ መቆሚያ ሲቀመጥላቸው ግን ደረሱ። ዓይናቸውም ጉልበታቸውም ደህና ነበር ማለት ነው።

አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ እናታችን ወይም አባታችን የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው «እርጅና ነው» ብለን አንተወው፤ ለኩፓት ሆሊም ሐኪም እንንገር።